ከጋራዥ በወጣ ማግሥት የቆመ መኪና፤ ኪሣራው የማን ነው?

በንግድ ዓለም መኪና ጌጥ አይደለም። ለአይሱዙ ባለንብረት የመሥሪያ ካፒታሉ ነው፤ ለሚኒባስ ባለቤት የዕለት ገቢው ነው፤ ለአስመጪው፣ ለኮንትራክተሩና ለደላላው ደግሞ ቀጠሮ የሚያከብርበት እግሩ ነው። ስለዚህም መኪና ቆመ ማለት ገንዘብ ቆመ ማለት ነው። ብልሽት በራሱ የሚያስገርም ነገር አይደለም። መኪና ብረት ነው፤ ያረጃል፣ ይበላል፣ ይሰበራል። ባለንብረቱን የሚያንገበግበው ገንዘቡን ከፍሎ፣ "አልቋል፣ እንደፈለግህ ንዳው" ተብሎ ከጋራዥ ያወጣው መኪና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር ሲቆም ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ባለንብረቱ ይደውላል። መካኒኩ "እኔ የነካሁት እሱን አይደለም" ይላል። ባለንብረቱ ይቆጣል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ ከአካባቢው ሌላ መካኒክ ያስጠራል። የተጠራው ሰው ኮፈኑን አቀርቅሮ አይቶ፣ አንገቱን እየነቀነቀ "ይህንን ማነው የሠራው?" ይላል። ወዲያው መፍቻውን አውጥቶ መፍታት ይጀምራል። ማንም ልብ አይለው እንጂ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማስረጃ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ጋራዥ ምን እንደሠራ፣ ሁለተኛው መካኒክ ምን እንዳበላሸ የሚለይ ሰው አይገኝም። ባለንብረቱ ለአንድ ብልሽት ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የዚህ ሁሉ መነሻ የመካኒክ ሙያ ማነስ ብቻ ተደርጎ ይወራል። የሙያ ማነስ መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ዋናው ችግር ሌላ ቦታ ነው፤ ባለንብረትና ጋራዥ የሚስማሙት በአፍ ሲሆን የሚካሰሱት ግን ሰነድ በሚጠይቅ ሥርዓት ውስጥ ነው። ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ጨርቅ ያለ ደረሰኝ የማይቀበል ነጋዴ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ያለውን መኪናውን ቁልፉን ወርውሮ "እስቲ እየው" ብሎ ይሄዳል።

ሦስት ዓይነት ብልሽት

ወደ ጥፋተኝነት ከመሄድ በፊት መለየት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከጥገና በኋላ የሚመጣ ብልሽት ሁሉ ከጥገናው የመጣ አይደለም።

የመጀመሪያው የተጠገነው ራሱ ተመልሶ ሲበላሽ ነው። ለሙቀት የገባ መኪና በሙቀት ከቆመ፣ ለፍሪሲዮን የገባ በፍሪሲዮን ከቆመ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም። ወይ ሥራው ጎድሏል፣ ወይ የገባው መለዋወጫ ደካማ ነው፣ ወይም የችግሩ ሥር አልተገኘም።

ሁለተኛው ጥገናው ራሱ የወለደው አዲስ ብልሽት ነው። ካምቢዮ ለማውረድ የተነቀለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይሰካ ይቀራል፤ ለሌላ ሥራ የተፈታ የውሃ ጎማ ማሰሪያው ሳይጠብቅ ይታለፋል። ባለንብረቱ ግንኙነቱን ስለማያውቅ "ሌላ ነገር ነው" ሲባል አምኖ ይከፍላል።

ሦስተኛው ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው። የፍሬን ሸራ ያስቀየረ ሰው በሦስተኛው ቀን ዲናሞው ቢቃጠል ፍሬን የሠራውን መካኒክ መያዝ ፍትሕ አይሆንም። ብዙ ዓመት የሠራ መኪና አንዱ ክፍሉ ሲታደስ ሌላው አረጋዊ ክፍሉ ተራውን ጠብቆ መውደቁ የተለመደ ነው።

ሦስቱን ለመለየት የሚያስችለው ደግሞ ጩኸት አይደለም። መኪናው ሲገባ ምን ነበረበት፣ ምን ተፈታ፣ ምን ተቀየረ የሚለው ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር ከሌለ ታማኙ ጋራዥ ባላጠፋው ይወቀሳል፤ አጭበርባሪው ባጠፋው ያመልጣል።

ትንሽ ቡሎን፣ ትልቅ ኪሣራ

ከጥገና ማግሥት የሚደርሱ ብልሽቶች ብዙዎቹ ረቂቅ አይደሉም። የዘይት ፊልትሮ ሲቀየር የአሮጌው ጎማ ከሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ምንም አይታይበትም፤ ፍጥነትና ግፊት ሲጨምር ግን ጎማው ይፈነቅልና ዘይቱ ይረጫል። ዘይት ያለቀበት ሞተር ነክሶ ለመቅረት ረጅም ጊዜ አይፈልግም። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ሳይጠብቅ ሲቀርም ውጤቱ ያው ነው። የጥቂት ደቂቃ ቸልታ የሞተር ማውረጃ ዋጋ ያስከትላል።

ጎማ ተፈትቶ ሲታሰር ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዱ በኋላ ዳግመኛ መጥበቅ እንዳለባቸው በሙያው የታወቀ ነው። ይህን ለደንበኛው የሚነግር ጋራዥ ስንት ነው? ተነግሮትስ ተመልሶ የሚያስጠብቅ ባለንብረት ስንት ነው?

የሙቀት ነገር ደግሞ ለአዲስ አበባ መኪና የተለየ ትርጉም አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ ሙቀት ችሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ስለሆነም ግፊት የማይዝ አሮጌ ክዳን በቆላ ካለ መኪና ይልቅ በደጋ ያለውን ቶሎ ያሳጣል። ራዲያተሩን አጥቦ፣ ፓምፑን ቀይሮ፣ ክዳኑን ሳያይ መኪና የሚያስረክብ መካኒክ ሥራውን ጨርሷል ማለት አይቻልም። ውሃ ሲሞላ በውስጡ የታመቀው አየር ሳይወጣ ከቀረም ሙቀቱ ይመለሳል።

ከዚህ የባሰው ልማድ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ሞተሩ ለጊዜው ይቀዘቅዛል፤ ባለንብረቱም "ተሻለው" ብሎ ይደሰታል። ሆኖም ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። ለሙቀቱ መነሻ የነበረው የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ ማራገቢያ ግን እዚያው አለ። መኪናው በከተማ ውስጥ ሲመላለስ ድካሙ ሳይታይ ይቆይና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ይጋለጣል። ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ዳገት ጭነት ይዞ መውጣት ምሕረት የማያውቅ ፈተና ነው።

በኮምፒዩተር የሚመረመሩ መኪኖችም የራሳቸው ማታለያ አላቸው። በዳሽቦርዱ ላይ የበራውን የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በመሣሪያ ማጥፋት የደቂቃ ሥራ ነው። መብራቱን ማጥፋትና ብልሽቱን ማጥፋት ግን አንድ አይደሉም። መኪናው ጥቂት ቀን ተነድቶ ኮምፒዩተሩ ራሱን ሲፈትሽ መብራቱ ተመልሶ ይበራል፤ በዚያ ጊዜ ክፍያው ተፈጽሟል።

ከሶማሌ ተራ እስከ ጋራዥ

ሁሉንም በመካኒኩ ላይ መጫን የማይገባበት ሌላ ምክንያት አለ። በአገራችን አሠራር መለዋወጫውን ብዙ ጊዜ የሚገዛው ባለንብረቱ ራሱ ነው። ከሶማሌ ተራ ሱቅ ገብቶ "ኦሪጅናሉ ይህን ያህል፣ ሌላው ይህን ያህል" ሲባል ዓይኑ ወደ ርካሹ ያዘነብላል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ መናሩ ይታወቃልና ሰውን መፍረድ ያስቸግራል። የሆነ ሆኖ ባለንብረቱ ያመጣው ኩሽኔታ በሳምንቱ ሲሰበር የእጅ ሥራው ዋስትና ሊሸፍነው አይችልም። በአንጻሩ ዕቃውን ጋራዡ ገዝቶ ካስገባውና ትርፍ ከያዘበት ስለ ዕቃውም ጥራት ሊጠየቅ ይገባዋል። ችግሩ ዕቃውን ማን ገዛው፣ ከየት ሱቅ ተገዛ፣ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ የሚለው በየትም ወረቀት ላይ አለመስፈሩ ነው።

ሌላው የጥድፊያው ነገር ነው። "ነገ ጠዋት ጭነት አለኝ፣ ዛሬ ማታ ጨርስልኝ" የማይል ባለንብረት የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መካኒኩ ለሙከራ መንዳት የነበረበትን አንድ ሰዓት ባለንብረቱ ራሱ ይቀማዋል፤ ኋላ ግን "ሳይሞክረው ሰጠኝ" ብሎ ይከሰዋል።

ከሁሉም የሚከፋው የደረሰኝ ጉዳይ ነው። 20,000 ብር ለሆነ ሥራ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 3,000 ብር ነው። "ያለ ደረሰኝ ይሁንና ይህችን ልተውልህ" ሲባል ሁለቱም ወገኖች የተጠቀሙ ይመስላቸዋል። ሕግ መጣሱ ሳያንስ ባለንብረቱ በዚያች ቅጽበት የሸጠው መብቱን ነው። መኪናው በማግሥቱ ሲቆም በዚያ ጋራዥ ስለመሠራቱ እንኳ የሚያሳየው ነገር የለውም። 3,000 ብር አድናለሁ ያለ ሰው 20,000ውን ዳግመኛ ይከፍላል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ነጋዴዎች እንደሚያስቡት ሕጉ በዚህ ጉዳይ ዝም ያለ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 አንድ ሰው ዋጋ እየተከፈለው በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት የሚገባውን ውል ይደነግጋል። የጋራዥ ሥራ ከዚህ ዓይነቱ ውል የሚመደብ ነው። ጋራዡ ቃል የገባው ድካሙን ብቻ አይደለም፤ ውጤት ነው። "ለፍቻለሁ" ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ነገር ግን ሕጉ ከባለንብረቱም የሚጠይቀው አለ። በቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ አለ የሚል ሰው መኖሩን ማስረዳት አለበት። በቁጥር 1772 መሠረት ደግሞ ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ሌላው ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባዋል። በሌላ አነጋገር መኪናውን ወደ ሌላ ጋራዥ ወስዶ አሠርቶ፣ ከወር በኋላ ሒሳቡን ይዞ መምጣት አያዋጣም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ጥፋቱን አይቶ የማረም ዕድል ሊሰጠው ይገባል።

ነጋዴውን ይበልጥ ሊያነቁት የሚገቡ ሁለት ድንጋጌዎች አሉ። የሕጉ ቁጥር 1799 የጉዳት ካሣው በተለመደው ሁኔታ ውሉ ባለመፈጸሙ ሊደርስ በሚችለው ጉዳት ልክ እንዲሆን ይላል። ቁጥር 1801 ግን ውሉ ሲደረግ ጉዳቱን የሚያከብድ የተለየ ሁኔታ መኖሩ ለባለዕዳው ተነግሮት ከሆነ ካሣው በእርግጥ በደረሰው ጉዳት ልክ ይሆናል ይላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ አይሱዙውን አስጠግኖ ከመቂ ቲማቲም ለመጫን አስቧል እንበል። መኪናው በመንገድ ቆሞ ቲማቲሙ ቢበላሽ፣ ጋራዡ ስለ ጭነቱ ምንም ሳያውቅ የቲማቲሙን ዋጋ እንዲከፍል ማድረግ አስቸጋሪ ነው። በሥራ ማዘዣው ላይ "መኪናው በዚህ ቀን የሚበላሽ ጭነት ይጭናል" የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዲት መስመር የአንድ ጭነት ዋጋ ልታወጣ ትችላለች።

ቁጥር 1802 ደግሞ ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚችለውን ማድረግ እንዳለበት ያስገነዝባል። የሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር አልፎ እያየ "እስከ ሞጆ ልድረስ" ብሎ የነዳ ሹፌር ቴስታታውን ካጣመመ፣ የኪሣራው ድርሻ ወደ ባለንብረቱ መመለሱ አይቀርም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም የገዛው አገልግሎት ጉድለት ያለበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። ልብ ሊባል የሚገባው አዋጁ ሸማች ያለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ መገልገያ የሚገዛውን ሰው መሆኑ ነው። የቤት መኪና ባለቤት በዚህ ሊጠለል ሲችል የጭነት መኪና ባለንብረት የሆነ ነጋዴ ግን ዋና መከታው ከጋራዡ ጋር ያደረገው ውል ነው። ኢንሹራንስም ቢሆን ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም፤ የተሽከርካሪ ፖሊሲዎች በተለምዶ ግጭትንና ስርቆትን እንጂ የሞተር ብልሽትንና እርጅናን አይሸፍኑም።

ምን ይደረግ?

ባለንብረቱ መኪናውን ሲያስገባ የኪሎ ሜትሩ ንባብ፣ የታየው ችግርና የታዘዘው ሥራ በአንድ ገጽ ላይ ሰፍሮ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ተጨማሪ ብልሽት ሲገኝ ሳይነገረው እንዳይሠራ ያስጽፍ። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች እንዲመለሱለት አስቀድሞ ይንገር፤ አሮጌው ዕቃ መቀየሩን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተበላሸም ይናገራል። ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት መካኒኩን አስቀምጦ መኪናውን ይንዳ፤ ሙቀቱ እስኪሞላ፣ ዳገት እስኪወጣ፣ ፍሬን እስኪያዝ። ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነም በማግሥቱ አይሂድ። አንድ ሁለት ቀን በከተማ ውስጥ ይፈትነው።

መኪናው ከቆመ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ሞተሩን ማጥፋት፣ መኪናውን ከመንገድ ማውጣትና ምልክት ማድረግ ይቀድማል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ እጅና ፊት ያቃጥላል። ከዚያ የፈሰሰውን፣ የተፈታውን፣ የመለኪያዎቹን ንባብ በስልክ ፎቶ ማንሳት፤ ለጋራዡ መደወል፤ የተባለውንም በጽሑፍ መልእክት መድገም። መልእክቱ ቀንና ሰዓት ይዞ ስለሚቀር ኋላ ማስጠንቀቂያ መሰጠቱን ለማስረዳት ይረዳል። ጋራዡ ሰው ልኮ ሳያይ ወይም "አልመጣም" ብሎ ሳይመልስ ሌላ እጅ ባይገባበት ይመረጣል። የግድ ሌላ መካኒክ ከነካውም ያገኘውን በጽሑፍ አስፍሮ፣ የፈታውን ዕቃ አስቀምጦ ይሂድ።

ለባለጋራዦችም የሚባል አለ። የጽሑፍ ዋስትና መስጠት ለክስ መጋለጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። "የእጅ ሥራዬን ለአንድ ወር ወይም ለ1,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ለቀደመው፣ ዋስ እሆናለሁ፤ ደንበኛው ያመጣውን ዕቃ ግን አይመለከተኝም" ብሎ የጻፈ ጋራዥ ኃላፊነቱን ወስኖታል። ያልጻፈው ግን ገደብ የሌለው ጭቅጭቅ ውስጥ ገብቷል። ከዚህም በላይ ዋስትና ገበያ ያመጣል። ጠጋኝ በሞላበት ከተማ ደንበኛ የሚለየው የሚመልስለትን እንጂ የሚያስረክበውን ብቻ አይደለም።

የመኪና ደላሎችም ከዚህ ውጪ አይደሉም። የጥገና ማኅደሩ የተሟላ መኪና በገዢ ፊት ሲቀርብ ብዙ መማል አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ይናገራል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው በእጅ ያለው መኪና ለረጅም ጊዜ እየተጠገነ መኖሩ ግድ ሆኗል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ቢሆኑ ከጥገና አያመልጡም፤ ባትሪያቸውን የሚያውቅ ባለሙያ ገና ጥቂት በመሆኑ ያለ ሰነድ መተማመኑ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ ከእንግዲህ የአንድ መኪና ዋጋ የሚተመነው በሞዴሉና በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በማን፣ መቼና እንዴት እንደተጠገነም ጭምር ይሆናል።

አንዳንዶች "ከመካኒኬ ጋር ወረቀት ብፈራረም ያላመንኩት ይመስለዋል" ይላሉ። ይህ ይሉኝታ ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል። የጠቡ ሥር እምነት ማጣት አይደለም፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው በሌላ መልክ ማስታወሱ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። መኪናው ቢቆም እንኳ ወረቀቱ ካለ ክርክሩ ስለ ብልሽቱ ይሆናል፤ ወረቀቱ ከሌለ ግን ክርክሩ ስለ ሰዎቹ ይሆናል። ብልሽት በመፍቻ ይስተካከላል፤ የተበላሸ ስም ግን መለዋወጫ የለውም።